ለማሲንቆና ለክራር የሚሆን ተንቀሳቃሽ የድምፅ ማጉያ እንዴት እንምረጥ?

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ በየቤቱ ማሲንቆ ወይም ክራር ለሚጫወቱ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም ለወላጆቻቸው የድምፅ ማጉያ ለመግዛት ለሚያስቡ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ጉዳዩን እንድጽፍበት ያነሳሳኝ ባለፈው በጋ ያየሁት ነገር ነው።

እዚህ አፉላ በአንድ ቤተሰብ ግብዣ ላይ አንድ አባት የልጅ ልጃቸውን ሊያሞግሱ ማሲን቏ቸውን ይዘው ተነሡ። ግብዣው ደጅ ነበር፤ ሰዉ ብዙ ነው። አንድ ወጣት በቅንነት የዘፈን ማይክሮፎን አምጥቶ ማሲንቆው ላይ አስጠጋላቸው። ማይክሮፎኑ የተገናኘው ባለ ቀለም መብራት ከሆነው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር ነበር፤ በዕብራይስጥ ቢዱሪት የሚሉት ዓይነት። ገና ደጋኑን እንደሳቡ ማጉያው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት አሰማ። ልጆች ጆሯቸውን ያዙ። ሁለተኛ ሞከሩ፣ ያው ሆነ። እኚያ አባት ምንም ሳይናገሩ ማሲን቏ቸውን ወደ ከረጢቱ መለሱ፤ ሙዚቃው ከስልክ ቀጠለ።

ጥፋቱ የእሳቸውም የወጣቱም አልነበረም። መሣሪያው ለማሲንቆ አልተመረጠም፣ ቦታውም አልተመረጠም። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ስንመጣ ብዙዎቻችን ከለበስነው ልብስ ሌላ የያዝነው ነገር ጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ በመከራ የተገኘው ማሲንቆ በገመድና በቁልፍ ምክንያት ከረጢት ውስጥ እንዳይቀር፣ የሚከተለውን በጥሞና ያንብቡት።

በመጀመሪያ መሣሪያዎን ይወቁ

ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው፣ ክሩም ሆነ የደጋኑ ክር ከፈረስ ጭራ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሣጥኑ በቆዳ የተሸፈነ ነው። ድምፁ ከሰው ድምፅ ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ በመጥፎ ማጉያ ሲያልፍ ግጥሙንም ይሸፍነዋል።

ክራር አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት ክር አለው። ዱሮ ክሩ ከጅማት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ናይለን ወይም ብረት ይደረግለታል። ይህ ልዩነት በኋላ እንደምናየው ለምርጫው ወሳኝ ነው።

የባህል መሣሪያዎቻችንን ለትልቅ መድረክ የማብቃት ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1963 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ ማሲንቆን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ አሰባስቧል። ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና 2008 በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የራድክሊፍ ተቋም ሲሠራ፣ የባህል መሣሪያዎችን ማዘመን ከተመራመረባቸው ነገሮች አንዱ ነበር። ለንደን የሚገኘው ክራር ኮሌክቲቭ የተባለው ቡድን ደግሞ የኤሌክትሪክ ክራር ይዞ በዓለም መድረኮች ተጫውቷል። እኛ የምንፈልገው ግን ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሃምሳና መቶ ሰው ባለበት ማሲንቆው እንደ ማሲንቆ እንዲሰማ ነው።

ድምፁ ወደ ማጉያው እንዴት ይገባል?

ብዙ ሰው ሱቅ ገብቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማጉያው ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ድምፁን ከመሣሪያው ላይ የሚቀበለው ምንድን ነው? ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ማይክሮፎን ነው። ከሁሉም ይልቅ የተፈጥሮውን ድምፅ ይይዛል። ችግሩ በዙሪያው ያለውን ሁሉ መስማቱ ነው፤ ከማጉያው የሚወጣውንም ድምፅ ይሰማል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጥሩ ነው፤ ጫጫታ ባለበት ያስቸግራል።

ሁለተኛው በመሣሪያው ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ክብ ነገር ነው። ፒዬዞ ፒካፕ ይባላል። የእንጨቱንና የቆዳውን ንዝረት ስለሚቀበል የሰዉን ወሬ እምብዛም አይወስድም። ለማሲንቆና ለናይለን ክራር ብዙ ጊዜ የሚበጀው ይህ ነው። በቆዳው መሃል ላይ ሲለጠፍ ድምፁ ሊታፈን ይችላል፤ ስለዚህ ወደ ጠርዙ ወይም በእንጨቱ ላይ እያዘዋወሩ ይሞክሩት። በኃይለኛ ሙጫ አይለጥፉት፤ ሲነቀል ቆዳውን ይቀድዳል።

ሦስተኛው በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የምናየው ባለ ማግኔት ፒካፕ ነው። ይህ የሚሠራው ክሩ ብረት ሲሆን ብቻ ነው። ጅማትን፣ ናይለንንና የፈረስ ጭራን ማግኔቱ አያውቃቸውም። ለማሲንቆ ይህን ገዝተው ቢያስገጥሙ ገንዘብዎ በከንቱ ይቀራል።

ስለ ፒዬዞ አንድ ነገር ልጨምር። በማጉያው ላይ የማይክሮፎን ቀዳዳና የመሣሪያ ቀዳዳ ለየብቻ ናቸው። ፒዬዞው ወደ ማይክሮፎን ቀዳዳ በቀጥታ ከገባ ድምፁ ይቀጥናል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ምክንያቱ ፒዬዞ በጣም ከፍ ያለ የመግቢያ መከላከያ ስለሚፈልግ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሜጋኦም ቢሆን መልካም ነው። በሱቁ ውስጥ «ለአኩስቲክ ጊታር የሚሆን መግቢያ አለው?» ብለው ቢጠይቁ ይበቃል። ከሌለው ፕሪአምፕ የሚባል ትንሽ ሣጥን በመሃል ይገባል።

የትኛው ዓይነት ማጉያ?

ማጉያ በዕብራይስጥ መግበር ይባላል። በገበያ ላይ በብዛት የሚያጋጥሙን አራት ዓይነቶች ናቸው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያ። የተሠራው የጊታሩን ድምፅ በራሱ መንገድ እንዲቀይር ነው። ብረት ክር ላለው ክራር የሚወዱት አሉ። ለማሲንቆና ለሰው ድምፅ ግን አልመክረውም፤ ድምፁን ያጠቁረዋል።

ቢዱሪት። ለዳንስና ለካራኦኬ የተሠራ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ሆን ብሎ ያገንናል፤ ማሲንቆ ያለበትን መካከለኛውን ድምፅ ወደ ኋላ ይተወዋል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ለማስተካከል የሚያስችል በቂ ቁልፍ የላቸውም። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ብዙ ቤት ውስጥ አለ፤ ማሲንቆ የሚያስጮኸውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የአኩስቲክ መሣሪያ ማጉያ። ለእንጨት ጊታርና ለዘፋኝ ተብሎ የተሠራ ነው። ድምፁን ሳይቀይር ያሳልፋል፤ አንድ መሣሪያና አንድ ማይክሮፎን በአንድ ላይ ይቀበላል። ለአንድ ተጫዋች ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው።

ባትሪ ያለው ትንሽ የመድረክ ድምፅ ማጉያ። ከአኩስቲኩ ይበልጥ ይሰማል፤ ለንግግርም ይሆናል። ሁለትና ሦስት ሰው አብሮ ለሚጫወትበት ጥሩ ነው።

ዋቱ ስንት ይሁን?

ሻጮች በዋት ብዛት ያስጎመጁናል። አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎቼን ቁጥር ሳይመረምሩ እንዳያምኑ እመክራቸው ነበር፤ እዚህም ያው ነው። ዋቱ በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በእጥፍ አይጨምርም። ከ30 ዋት ወደ 60 ዋት ብንሄድ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ በመጠኑ የሚለየው ልዩነት ነው። ለጆሯችን «እጥፍ ሆነ» የሚመስለን ዋቱ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ሲያድግ ነው።

ከዋቱ ይልቅ ርቀትና ከፍታ ይበልጣሉ። ደጅ ላይ ከማጉያው ያለን ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። መሬት ላይ የተቀመጠ ማጉያ የሚሰማው ለፊተኞቹ ሰዎች ጉልበት ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ ልብሳቸውና ገላቸው ይውጠዋል። ማጉያውን በወንበር ወይም በማቆሚያ ላይ ወደ ጆሮ ከፍታ ቢያነሡት፣ ገንዘብ ሳያወጡ ትልቅ ለውጥ ያገኛሉ።

በግምት እንዲህ አስቡት። በአረጋውያን ሞአዶን ወይም በሳሎን ውስጥ 30 እና 40 ሰው ላለበት፣ ከ15 እስከ 30 ዋት ይበቃል። በማትናስ አዳራሽ ወይም በግቢ ውስጥ እስከ መቶ ሰው ላለበት፣ ከ50 ዋት በላይ ይፈለጋል። በሠርግ አዳራሽ ውስጥ ግን የራስዎን ማጉያ ይዘው አይታገሉ፤ አዳራሹ የራሱ መሣሪያና ባለሙያ አለው። እዚያ የሚያስፈልግዎ ከማጉያዎ ጀርባ ገመድ ወደ ባለሙያው የሚወስድ መውጫ ቀዳዳ መኖሩ ነው። ሲገዙ ይህን ቀዳዳ ያረጋግጡ።

ባትሪ፣ ኤሌክትሪክና ክብደት

ሁለት ዓይነት ባትሪ አለ። አንዱ ትንንሾቹን ባለ ሁለት ኤ ባትሪ ድንጋዮች የሚጠቀም ነው። ጥቅሙ ባትሪው ሲያልቅ ከማንኛውም ሱቅ መግዛት መቻሉ ነው። ሌላው እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረግ ነው። ጥቅሙ ጉልበቱ ነው፤ ጉዳቱ ከሌሊቱ መሙላት ከረሱ በማግስቱ ምንም ማድረግ አይቻልም።

በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ድምፁ ዝቅ ሲል የሚቆይበትን ነው። ከፍ አድርገው ሲጫወቱ ግማሹን እንኳ ላያገኙ ይችላሉ። ሁልጊዜ ከተባለው ሰዓት ግማሹን ያስቡ። በሐምሌና በነሐሴ በኢይዝራኤል ሸለቆ ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ቻርጅ የሚደረገውን ማጉያ በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት። ሙቀት ባትሪውን ይጎዳዋል።

የእስራኤል ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያም 220 ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ቀይረው ከሰኩት ይቃጠላል። በኃይል መሙያው ላይ «100-240» የሚል ቁጥር ካለ ችግር የለም።

ክብደቱን በሱቅ ውስጥ በእጅዎ ያንሡት። ደረጃ ያለው ቤት የሚኖሩ፣ ከጊቭአት ሃሞሬ በአውቶቡስ የሚወርዱ፣ ወይም ከአፉላ በባቡር ወደ ሐይፋ የሚሄዱ ከሆነ፣ በአንድ እጅ ማሲንቆ በሌላው ማጉያ መያዝ አለብዎ። ከ5 ኪሎ በታች ያለ በቀላሉ ይያዛል። ከ7 ኪሎ በላይ የሆነ ጎማ ያለው ጋሪ ይፈልጋል። ሸክሙ ከበዛ ማጉያው ቤት ይቀራል፤ ቤት የቀረ ማጉያ ደግሞ ዋቱ ስንትም ቢሆን አይሰማም።

ለምሳሌ ያህል አራት ማጉያዎች

ከዚህ በታች ያሉትን የጠቀስኩት ለማነጻጸሪያ ነው። ይግዙ አይግዙ የእርስዎ ፈንታ ነው።

ሮላንድ ኪዩብ ስትሪት። 5 ዋት ነው። በ6 ባለ ሁለት ኤ ባትሪ ድንጋዮች ይሠራል። ለማይክሮፎንና ለመሣሪያ ለየብቻ መግቢያ አለው። ለሳሎንና ለትንሽ ስብስብ ብቻ ይሆናል።

ሮላንድ ኤሲ-33። ለአኩስቲክ መሣሪያ የተሠራ፣ በኤሌክትሪክ ሲሆን 30 ዋት፣ በባትሪ ሲሆን ያነሰ ነው። 8 ባለ ሁለት ኤ ይፈልጋል። 4.7 ኪሎ ይመዝናል። ጩኸት የሚቀንስ ቁልፍ አለው። ለሞአዶን በጣም ተስማሚ ነው።

ፊሽማን ላውድቦክስ ሚኒ ቻርጅ። 60 ዋት፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ያለው፣ ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ ነው። የድምፁ ተፈጥሯዊነት የተመሰገነ ነው። በከፍተኛ ድምፅ ሲሠራ ባትሪው 4 ሰዓት ገደማ ነው።

ቦዝ ኤስ1 ፕሮ። የመድረክ ድምፅ ማጉያ ነው፤ 7.1 ኪሎ ይመዝናል፤ ባትሪው እስከ 11 ሰዓት እንደሚቆይ ይነገራል። ሦስት መግቢያ አለው። ለግቢ ግብዣና ለንግግር ይበረታል። ፒዬዞ ሲሰኩበት ድምፁ ቀጥኖ ከተሰማ ፕሪአምፕ ያስገቡለት።

ጩኸቱን እንዴት እናጥፋው?

ጩኸቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ማይክሮፎኑ ወይም የማሲንቆው ቆዳ ከማጉያው የወጣውን ድምፅ መልሶ ይይዛል፤ ማጉያው እሱን እንደገና ያጎላል፤ እንዲህ ሲዞር ይጮኻል። የማሲንቆ ቆዳ ራሱ እንደ ጆሮ ታምቡር ስለሆነ ከጊታር ይልቅ ለዚህ ይጋለጣል።

መጀመሪያ ማጉያውን ከጀርባዎ አያስቀምጡ። ከጎንዎና ከፊትዎ፣ ፊቱን ወደ ሰዉ አዙረው ያኑሩት። ሁለተኛ፣ «ፌዝ» ወይም «ኖች» የሚል ቁልፍ ካለ ይሞክሩት፤ «ኖች» የሚጮኸውን አንድ ድምፅ ነጥሎ ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ «ሪቨርብ» ወይም «ኤኮ» የሚለውን ወደ ታች ያውርዱ፤ ብዙ ሲሆን ግጥሙ አይለይም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልቆመ ብቻ ድምፁን ይቀንሱ።

ለእኛ ዕድሜ የሚሆን አንድ ምክር አለኝ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሯችን በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ስለዚህ ለራሳችን ደስ እስኪለን ድረስ «ትሬብል» የሚለውን ስንጨምር፣ ሌላው ሰው ጆሮው ይታመማል። አንድ ወጣት ሰዉ በሚቀመጥበት ቦታ ያቁሙና እሱ ሲሰማ ያስተካክሉ። ይህ የሽማግሌ ማፈሪያ አይደለም፤ በትልልቅ መድረክም ድምፁን የሚያስተካክለው ከሰዉ መካከል የቆመ ባለሙያ ነው።

ጎረቤትና ጆሮ

በመኖሪያ ሰፈር ከ14:00 እስከ 16:00፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ የዕረፍት ሰዓት ነው። ከ23:00 በኋላም፣ ማለትም ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ፣ ደጅ ላይ በማጉያ መጫወት ክልክል ነው። ብዙ አዳራሾች ደግሞ የድምፅ መለኪያ ተገጥሞላቸዋል፤ ድምፁ 85 ዴሲቤል አልፎ ከቆየ የማጉያውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። ለራስ ጆሮም ልክ አለው። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም እንደሚመክረው 85 ዴሲቤል ባለበት እስከ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት ብቻ ማለት ነው።

ሲገዙ መብትዎን ይወቁ

የራስዎን ማሲንቆ ወይም ክራር ይዘው ይሂዱ። ሻጩ በጊታር ሲያሳይዎ «ደግ፣ አሁን በእኔው እንስማ» ይበሉ። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ከሱቅ የተገዛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሐሳብ ተቀይሮ የሚመለሰው በ14 ቀን ውስጥ ነው፤ ያውም ኤሌክትሪክ ላይ ካልተሰካና ማሸጊያው ካልተበላሸ ነው። ስለዚህ ፈተናው ከመክፈል በፊት ይሁን።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከገዙ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው መብት አለ። ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላ፣ አዲስ መጤዎች እስከ 5 ዓመት ድረስ፣ እንዲሁም አካል ጉዳተኞች፣ ከሻጩ ጋር ንግግር ተደርጎ የተፈጸመን የርቀት ግዢ በ4 ወር ውስጥ መሰረዝ ይችላሉ። ሐሳብ በመቀየር ለሚደረግ ስረዛ የሚከፈለው 5 ከመቶ ወይም 100 ሸቀል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው። ደረሰኙንና የአሕራዩት ወረቀቱን በአንድ ፖስታ ውስጥ ያስቀምጡ። በስልክ ያነጋገረዎትን ሰው ስምና ቀኑንም ይጻፉ።

ከቤት ከመውጣትዎ በፊት

ባትሪው ሞልቷል? መለዋወጫ ባትሪ ድንጋይ አለ? ሁለት ገመድ ይዘዋል? አንዱ ሁልጊዜ ይበላሻል። ማስረዘሚያ ሶኬት አለ? ለደጋኑ ዕጣን አልረሱም? ሰዉ ከመድረሱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይድረሱና ድምፁን ይሞክሩ። ፒካፑን ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይሞክሩ በሰው ፊት አይጠቀሙበት።

በመግቢያው ላይ የነገርኳችሁ አባት ከወራት በኋላ በአንድ ሞአዶን ውስጥ ተጫውተዋል። ልጃቸው የገዛችላቸው ትንሽ የአኩስቲክ ማጉያ ወንበር ላይ ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር፤ ፒዬዞዋ በማሲንቆው ጠርዝ ላይ ተለጥፋለች። አንድ ጊዜ ትንሽ ጮኸች፤ ልጅቱ ማጉያውን ወደ ፊት ገፋ አደረገችው፣ ቆመ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ሲጨርሱ «ዛሬ ግጥሙ ሁሉ ተሰማኝ» አሏቸው። አባትየው ሌላ ልጨምር ወይ ብለው ጠየቁ፤ ጨመሩም።

ጥያቄ ያላችሁ በስርጭታችን ሰዓት ደውሉልን። እስከዚያው በሰላም ቆዩን።